ጉርድ ፎቶ፦ ከአንኮበር እስከ ካዛንቺስ

እ.ኤ.አ. በ1841 ክረምት በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ፤ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ዘንድ ቀረበ። ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊም አብሮ መጥቶ ነበር። በርናትስ ተራራውን፣ ሰፈሩንና የአገሩን ሰው በእርሳስና በቀለም ሣለ፤ ሥዕሎቹም እ.ኤ.አ. በ1852 በመጽሐፍ ታተሙ። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሲያርፉ መልካቸው ለእኛ የቀረው በሠዓሊ እጅ ብቻ ነው።

በርናትስ እርሳሱን ሲቀርጽ ግን የሰውን ፊት ያለ እርሳስ የሚያስቀር ጥበብ በሌላው ዓለም ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። የፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ዘዴ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1839 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ ስሙም ዳጌሮታይፕ ተባለ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ብር የተለበጠ የመዳብ ሉህ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ይወለወላል፤ በአዮዲን ጢስ ይታጠናል፤ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ይቀበላል፤ ከዚያ ከሥሩ በሚሞቅ የሜርኩሪ እንፋሎት ላይ ሲያዝ ምስሉ ብቅ ይላል። ኔጌቲቭ የለውም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከተነሣ በዓለም ላይ ያለችው ያቺ አንዲት ሉህ ናት፤ ከጠፋች ጠፋች። ሉሁን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት አንዴ የተነሣው ሰው ፊት፣ አንዴ ደግሞ የተመልካቹ የራሱ ፊት ይታያል።

አሜሪካኖች ይህን ነገር ከፈረንሳዮቹም ብሰው ወደዱት። በዚያው ዓመት መጸው ፊላዴልፊያ ውስጥ ሮበርት ኮርኔሊየስ የሚባል ወጣት ከአባቱ የፋኖስ መሥሪያ ጀርባ ካሜራውን ተከለና እፊቱ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። ብር መለበጥ የእንጀራው ሥራ ስለነበር ሉሁን ማሰናዳት አላስቸገረውም። ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ እጁን ያጣመረ ያ ወጣት እስካሁን ተጠብቀው ካሉት የሰው ፎቶዎች ከቀደሙት አንዱ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከሉሁ ጀርባም የመጀመሪያው የብርሃን ሥዕል ይህ መሆኑን ጽፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1844 ማቲው ብሬዲ ኒው ዮርክ ላይ ፎቶ ቤት ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ የፕሬዚዳንቱም የነጋዴውም ፊት በብር ሉህ ላይ ነበር።

ታዲያ የፊት ምስል ታሪክ የመሣሪያ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከካሜራው ፊት ማን ወዶ ተቀመጠ? ማንስ ተገድዶ? ምስሉንስ ማን ይዞት ሄደ? እ.ኤ.አ. በ1850 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጆሴፍ ዚሊ የሚባል ፎቶ አንሺ ሬንቲ የሚባል በባርነት የተያዘ አፍሪካዊንና ልጁን ዴሊያን ልብሳቸውን አስወልቆ አነሣ። ያዘዘው የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ሉዊ አጋሲ ሲሆን፣ ጥቁር ሕዝብ የበታች ዘር ነው የሚል ትምህርቱን ሊያስረዳባቸው ፈልጎ ነበር። ሉሆቹ በዩኒቨርሲቲው እጅ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆዩ፤ የሬንቲ ዝርያ ነኝ ያለች ሴት ከስሳ ከተከራከረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ሃርቫርድ ለቅቆ ለቻርልስተኑ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እንዲሰጡ ተስማማ።

ወዶ የተቀመጠም ጥቁር ነበረ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በዘመኑ ከማንም አሜሪካዊ በላይ ፎቶ የተነሣ ሰው ነው፤ ተመራማሪዎች 160 ያህል ምስሎቹን ቆጥረዋል። ሕዝቡ እንደ ሰው እንዲታይ ፎቶን መሣሪያ አድርጎ ይዞት ነበር። ኦገስተስ ዋሽንግተን ደግሞ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ የራሱ ፎቶ ቤት የነበረው ጥቁር ዳጌሮታይፕ አንሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 ካሜራውን ጭኖ ወደ ላይቤሪያ ተሻገረና ሞንሮቪያ ላይ የአዲሲቱን አገር መሪዎች አነሣ። አፍሪካውያን ባለሥልጣናት በጥቁር ፎቶ አንሺ ፊት በክብር መቀመጥ የጀመሩት ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ እኛ አገር ካሜራ የመጣው በዚህ መንገድ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ዳጌሮታይፕ በአሜሪካ የደመቀበት ጊዜ ነበር፤ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸርም በመስተዋት ላይ የሚሠራውን ኮሎዲዮን ካሳወቀ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ይህ አዲስ ዘዴ ኔጌቲቭ ስለነበረው አንዱ ምስል ብዙ ይባዛል። ችግሩ መስተዋቱ እርጥብ እንዳለ መነሣትም መታጠብም ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው የሄደበት ሁሉ ድንኳኑን፣ መድኃኒቱንና ውኃውን ተሸክሞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጓዝ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የዘለቀው ከጦር ሠራዊት ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር 44 ዝሆን ይዞ ከዙላ ወደ መቅደላ ሲወጣ ከመሐንዲሶቹ መካከል የፎቶ ክፍል ነበረው። ዋና ሥራው ካርታና ንድፍ ማባዛት ሲሆን፣ መንገዱን፣ የመቅደላን ገደልና የተፈቱትን እስረኞችም አንሥቷል። ንጉሡን ግን በሕይወት ሳሉ አላነሣቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ከወደቁ በኋላ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ የሞተ ፊታቸውን በእርሳስ ነደፈ። ነገሥታቱ ያከብሩት የነበረውን የኵርዓተ ርእሱ ሥዕልም ለራሱ የወሰደ እርሱ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ ሁለት ምስል፦ የንጉሡን ፊት ሣለ፤ የጌታን ሥዕል ይዞ ሄደ።

ቀጥሎ ካሜራ ፊት የተቀመጠው ልጃቸው ነው። ዓለማየሁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ አባቱንም እናቱንም በሳምንታት ውስጥ አጥቶ፣ ቀድሞ የአባቱ አገልጋይ በነበረውና ባሻ ፈለቀ በሚባለው በካፒቴን ስፒዲ እጅ እንግሊዝ ደረሰ። ሐምሌ 1868 እ.ኤ.አ. ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን፣ በዘመኑ ካሉት የፊት ምስል ሠሪዎች ሁሉ ጎልታ የወጣችው ሴት፣ አነሣችው። ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ አጠገቡ አለ። ካሜሮን ብርሃኑን ከአንድ ወገን አድርጋ ፊቱን በቀስታ አውጥታዋለች፤ በጥበብ ደረጃ ከኢትዮጵያ ቀደምት ፎቶዎች የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ልጁ ሳይጠየቅ የለበሰውን ልብስ ለብሶ፣ ባልመረጠው አገር፣ በማያውቀው ሰው ፊት ተቀምጧል። ይህን ሳስብ የፎቶው ውበት ያመኛል። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፤ አጽሙ እንዲመለስ ኢትዮጵያውያን ያቀረቡትን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም።

ከዚያ ወዲህ የደረቅ መስተዋት ዘዴ መጣና ድንኳን መሸከሙ ቀረ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ ሲነግድ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ አስመጣ። ሐረር በግብጾች እጅ ነበረች። ራሱን አንሥቶ ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ላይ ምስሎቹ የነጡት ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሏል።  ራምቦ ብዙም ሳይቆይ ካሜራውን ሸጦ ሌላ ንግድ ያዘ፤ ከሐረር ዘመኑም የቀሩት ምስሎች ጥቂት ናቸው።

ነገሩን የለወጡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በእንጦጦና በፍል ውኃ መካከል ካሜራ ይዘው ከሚመላለሱት አንዱ የምኒልክ ባለሟል የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ሲያዩ ፈትተው ካልገጠሙት ዕረፍት የላቸውም ይባላል፤ የፎቶን ጥቅም ግን ከመሣሪያነቱ አልፈው ገና በጠዋቱ ተረድተውታል። ዓድዋ ከመሆኑ ሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች በፈረንሳዊው ዩጂን ሙሾን ተቀርጸው ወጡ። ከሰባቱ ዋጋዎች አራቱ ላይ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ነው፤ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ። ፓሪስ የተመታው ብርም የዘውድ ራሳቸውን ያዘ። ፊታቸው ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በፈለጉት መልክ፣ በፖስታና በገንዘብ አገር ለአገር ሄደ። ካሜሮን ዓለማየሁን ካነሣችው ሃያ ስድስት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው።

እዚህ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። በሥዕሎቻችን ቅዱሱ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ምእመኑ ይመለከታል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በአንድ ዓይን፣ በጎን ነው የሚሣሉት። የምኒልክ ብር ላይ ያለው ፊት በአውሮፓ ሳንቲም ሥርዓት በጎን ተቀርጿል። በፎቶዎቻቸው ላይ ግን መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ደጋግመው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸውን ገልጠው ይቀመጣሉ። ይህን የሥዕል ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ከካሜራ ፊት ሲቀርብ የሚያውቀውን የክብር አቀማመጥ ይዞ ይቀርባል።

ቤተ መንግሥቱ የራሱን ፎቶ አንሺ ያገኘው ከአርመኖች ነው። ይህም ዝም ብሎ አልመጣም። ኢየሩሳሌም ውስጥ በአርመን ቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የኋላው ፓትርያርክ ዬሳዪ ጋራቤድያን ፎቶ ማስተማሪያ ከፍተው ነበር፤ ኢስታንቡል ላይም አብዱላህ ወንድማማቾች የሚባሉ አርመኖች የሱልጣኑ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ከዲያርበኪር የመጣው በድሮስ ቦያጂያን በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ አዲስ አበባ ደርሶ የምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ሲያጉረመርሙ ንጉሡ፣ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብለው አፋቸውን እንዳስያዟቸው በቦያጂያኖች ቤት ሲነገር የኖረ ነው። በድሮስ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሞት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው ለዘውዱ ሠሩ። የመኳንንቱ ገጽ ለእኛ የተረፈን በብዙ መልኩ በዚህ አንድ ቤተሰብ እጅ ነው፤ ውለታቸው ሲነገር ብዙ አልሰማም።

የፎቶ ኃይል ለክፉም እንደሚሆን የታየው ከምኒልክ በኋላ ወዲያው ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ጥምጥም ጠምጥመው በእስላም ልብስ የሚያሳዩ ፎቶዎች በመኳንንቱ መካከል ዞረው እንደነበር ይነገራል፤ ከተለያየ ምስል ተቆርጠው የተገጣጠሙ ናቸው የሚሉም አሉ።

በዚያው ዓመት ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ቀድሞ መስተዋቱም መድኃኒቱም ከድሬዳዋ ወዲህ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በምንለው በለገሃር ይራገፍ ጀመር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ካሜራዎች ከተማዋን ሞሏት፤ የናሽናል ጂኦግራፊኩ ሮበርት ሙር በቀለም አንሥቷቸው ምስሉ በመጽሔቱ የሰኔ 1931 እ.ኤ.አ. እትም ወጣ።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ፋሺስቶቹ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በያዙት አምስት ዓመት ከታላቁ ቤተ መንግሥት በታች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ሠሩ፤ ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ከእነዚያ ቤቶች ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂትና በሌሎቹ ግፎች ላይ ወታደሮቹ ራሳቸው እየተጫወቱ ፎቶ ያነሡ ነበር። የተሰቀለውን ሰው፣ የተቆረጠውን ራስ ለማስታወሻ አስቀሩት። ከነጻነት በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1949 እና 1950 ስለ ኢጣልያ የጦር ወንጀል ባሳተመው ሰነድ ውስጥ ገዳዮቹ ያነሡት ምስል ራሱ መሠከረባቸው።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ያለው ዘመን ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ካሜራው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ መንደር የወረደበት ነውና። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ለገሃር ዙሪያ፣ ቂርቆስ፣ ካዛንቺስ ፎቶ ቤት ተከፈተ። በሩ ላይ የመስተዋት ሳጥን አለ፤ ውስጡ የቆንጆ ሙሽሮችና የመኮንኖች ምስል ተደርድሯል። ገባ ሲሉ ግድግዳው ላይ መስተዋትና ማበጠሪያ ተሰቅሏል፤ ላልያዘ ሰው ኮትና ከረባትም ይገኛል። ከኋላ የተሣለ መጋረጃ፣ ከግራና ከቀኝ ትልልቅ መብራት። ፎቶ አንሺው አገጭ በጣቱ ቀና ያደርግና ትከሻ ዝቅ ያስደርጋል፤ «እንዳይርገበገቡ!» ይላል፤ ያነሣል። ማታ በጨለማ ክፍል አጥቦ ሲያወጣ በተሳለ እርሳስ የኔጌቲቩን ጠባሳ ያስተካክላል፤ ለሚከፍል ጉንጭና ከንፈር በቀለም ይነካል። ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ካርዱን ሲቀበል ከኋላው የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። ከማኅተሙ በታች ደግሞ ሰው የራሱን ይጽፋል፦ ለውድ እህቴ፣ ለማስታወሻ፣ ቀኑ፣ ፊርማው። ኮርኔሊየስ ፊላዴልፊያ ላይ ያደረገውን የካዛንቺስ ልጅ ሳያውቀው አደረገው።

ለትምህርት ቤት፣ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆነው ደግሞ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከደረት በላይ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ጆሮ የሚታይበት። ትንሽ ናት፤ ስድስት ወይም አስራ ሁለት ታትማ በወረቀት ከረጢት ትሰጣለች። ሁለቱ ለመሥሪያ ቤት ይሄዳሉ፣ የቀሩት መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ። ከዚህ አገር ምስሎች ሁሉ ብዙ ሕይወት የተሸከመችው እርሷ ናት ብል አልተጋነነም።

ካዛንቺስ ዳር፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን እዚያ መሠረቱ፤ በመደዳ ተሰልፈው የተነሡት የቡድን ፎቶ ዓለምን ዞረ። ኦገስተስ ዋሽንግተን ሞንሮቪያ ላይ ከጀመረው 110 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት በቤተ መንግሥት ካሜራ የያዘው ኢትዮጵያዊው ሽመልስ ደስታ ነበር፤ ኋላ ወደ ለንደን ተሰድዶ ይዞት የወጣው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያው ለሕዝብ ታየ።

አብዮቱ መጣና ጉርድ ፎቶ ሌላ ሥራ ተሰጣት። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሬሳ አላገኙም፤ ለቅሶም ተከልክለዋል። በእጃቸው የቀረችው ያቺ ለትምህርት ቤት የተነሣች ፎቶ ነበረች። አልጋ ሥር፣ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከዳዊት ገጽ መካከል ደብቀው አቆዩአት። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ ሲከፈት እነዚያ ፎቶዎች ተባዝተው ግድግዳውን ከጣሪያ እስከ ወለል ሞሉት። አፍሮ ያበጠረ ተማሪ፣ ከረባት ያሠረ መምህር፣ ነጠላዋን ያጣፋች ልጅ ሁሉም ወደ ሌንሱ ቀጥ ብለው ያያሉ። ካሜራ ፊት የተቀመጡት ለምዝገባ ነበር። እነዚህ ሰዎች የተነሡበትን ፎቶ ቤት ስምና ቀን ማንም አልመዘገበም፤ ይህ ትልቅ የፊት ምስል ስብስብ ስማቸው በማይታወቅ የሰፈር ፎቶ አንሺዎች የተሠራ ነው።

ዲጂታል ካሜራ ከመጣ በኋላ አሮጌዎቹ ፎቶ ቤቶች አንድ በአንድ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ቤት ሆኑ ወይም ተዘጉ። ኔጌቲቭ የሞላው ካርቶን የሚፈልገው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፊሊፕ ሹትዝ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ከየቤቱ አልበም የሰበሰቡትን ምስል «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ አወጡት፤ ከፎቶው ጋር የባለቤቱን ትዝታ ጭምር ስላሰፈሩ ሥራቸው ከውበት አልፎ ታሪክ ሆኗል።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ደረሰ። ከኢንቺስ ዘመን ጀምሮ የተጠጋጉት ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ፤ ነዋሪው በቀናት ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተነሣ። መንግሥት ለቤት ምትክ ቤት ሰጥቷል፤ ለፎቶ ቤት ካርቶን ግን ምትክ የለውም። ወመዘክርም ሆነ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የንጉሡን ዘመን ምስል እንደሚያስቀምጡ ሁሉ የሰፈር ፎቶ ቤት ኔጌቲቭ የሚቀበል ክፍል ቢኖራቸው፣ ተነሽው ከጓዙ ጋር እየጠቀለለ በጠቆሙት ቦታ ያስረክብ ነበር። ቂርቆስ ውስጥ ገና ያልፈረሱ ሰፈሮች አሉ፤ በየመደብሩ ኋላ ክፍል የተቆለሉ ካርቶኖችም።